የስምንት ሳምንቱ መድኃኒት

«ልጄ፣ መድኃኒቱ አለቀ። ጨምሪልኝ።»

የ64 ዓመት እናት ናቸው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ሰጥቻቸው የነበረውን ፖስታ ባዶውን ዘረጉልኝ። ክው አልኩ። ፖስታው ውስጥ የነበረው 8 ፍሬ ቫይታሚን ዲ ነው፤ አንዱ ፍሬ 50,000 ዩኒት። የታዘዘላቸው በሳምንት አንድ፣ ለስምንት ሳምንት ነበር። እርሳቸው በስምንት ቀን ጨርሰውታል።

ፖስታው ላይ በገዛ እጄ፣ በሳምንት አንድ ለማለት፣ «በሳ. 1» ብዬ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቸኩያለሁ። በቃል የነገርኳቸው «ስምንቱንም ይጨርሱ» የሚለውን ብቻ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየጠዋቱ አንድ ይውጣሉ፤ ይኼንንም አብረው ዋጡት። እርሳቸው ምን ያጥፉ? ጥፋቱ የኔ ነው።

ይዣቸው ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ቫይታሚን ዲ ትርፉ በሽንት ቶሎ አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ከልክ ሲያልፍ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይንርና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ማቅለሽለሽ፣ ጥማትና የሆድ ድርቀት እንዳለባቸው ጠይቆ የደም ምርመራ አዘዘ።

ውጤቱን ስንጠብቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። አምና መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው የእጅ አንጓቸው ተሰብሯል። ከወንበር ሲነሱ በእጃቸው ካልተደገፉ አይሆንላቸውም። «እርጅና ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

«ግን ልጄ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር እንዴት የፀሐይ ቫይታሚን ያንሰኛል?»

ልክ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት በምርመራ የተገኘው የቫይታሚን ዲ ልኬታቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 11 ናኖግራም ነበር፤ ከ20 በታች ሲሆን እጥረት ይባላል። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከእሑድ ቅዳሴ በቀር አይወርዱም፤ ያኔም በነጠላ ተሸፋፍነው ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ፀሐይ እንደሚሞቁ ነገሩኝ። መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ቫይታሚኑን ቆዳችን ላይ የሚሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም፤ የሚገባው ሙቀቱ ነው። በዚያ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቆዳ የሚሠራው ይቀንሳል።

የወር አበባቸው የቆመው በ49 ዓመታቸው ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አጥንትን ከመሸርሸር ይጠብቃል። ሴት ስታርጥ እሱ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ደግሞ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየም በቅጡ አይወስድም፤ ሰውነት የጎደለውን ከአጥንት ያወጣል። ስንት እናቶች «ቁርጥማት ነው» እየተባሉ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይዘው ሄደዋል! ይኼ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ካልሲየማቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። ተመስገን! ሐኪሙ ለጊዜው ምንም እንዳይወስዱ ነግሮ ቀጠራቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሳምንት መድኃኒት ስሰጥ «የትኛው ቀን ይመችዎታል?» እላለሁ። የቀኑን ስም ፖስታው ላይ ሳላሳጥር እጽፋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። ልኬታቸው 31 ደርሷል። ሐኪሙ አሁን ያዘዘላቸው ዝቅተኛውን፣ በየቀኑ የሚወሰደውን 1,000 ዩኒት ነው።

«ይኼኛው ከግፊት መድኃኒትዎ ጋር በየቀኑ ነው» አልኳቸው።

«በየቀኑ? እርግጠኛ ነሽ?»

«በየቀኑ ጠዋት 1 ፍሬ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ፖስታውን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሳልጠይቃቸው ጮክ ብለው አነበቡልኝ።