ሃይላንድ ውስጥ የታየው መስመር

የ2003 ክረምት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ማለዳ አንዲት ላዳ ቀድታ ከወጣች በኋላ ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ቀጥ አለች። ሾፌሩ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ምንድን ነው የቀዳህልኝ?"

"ቤንዚን ነው፣ ጋሼ።"

ሁለተኛዋ ላዳ ስትቆም ግን ልቤ ከዳኝ። ፓምፑን ዘጋሁ።

ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ ነው ያደረው። የታንከሩ ክዳን ጎሚኒ ደግሞ አልቋል። መለኪያ ዘንጉን ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ መፈተሻ ክሬም ቀብተን ሰደድነው። ቀለሙ በቅጡ አልተለወጠም። ከታንከሩ ሥር በሃይላንድ ስናወጣ ነው ጉዱ የታየው። ላይ ቤንዚን፣ ታች ደብዘዝ ያለ ሌላ ፈሳሽ፣ መሃላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር።

ያኔ የከተማው ቤንዚን ኢታኖል ነበረበት። በ2001 በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ የሚያወጡት አልኮል ነው። ነዳጁን በዶላር ለሚገዛ አገር ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ።

ግን ኢታኖል ውሃ ይወዳል። ድሮ ጥቂት ውሃ ቢገባ ታንከሩ ሥር ይተኛል፤ የፓምፑ መምጠጫ ከፍ ስለሚል አይነካውም። ኢታኖል ካለ ውሃውን ይስባል፤ ሲበዛበት ቤንዚኑን ጥሎ አብሮት ይወርዳል። ከ10,000 ሊትር ውስጥ 1,000ው ኢታኖል ነው። ያን የሚያክል ነገር ሲወርድ መምጠጫው ጋ ይደርሳል። ላዳዎቹ የጠጡት እሱን ነው።

የዳነው ዶላር በአገር ደረጃ ይቆጠራል። የታንከር ማጽጃው፣ የጎሚኒው፣ ኢታኖል ላለበት ቤንዚን የሚሆነው ክሬም ወጪስ በማን ሒሳብ ነው? ያኔ የማደያ ትርፍ በሊትር ሳንቲም ነበር፤ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ስለሆነ መጨመር አይቻልም ነበር። ባለቤቱ ጎሚኒውን "ለሚቀጥለው ወር" ሲሉ እኔ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቀን ገቢያቸውን ያጡት ጋሼ ናቸው። ታንከሩ ከፋብሪካው እኩል እቅዱ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ታንከሩ ተጠርጎ ሥራ ስንጀምር ጋሼ ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡ።

"መጀመሪያ እዚህ ቅዳልኝ።"

ቀዳሁላቸው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ቆይተው አዩት። ከዚያ የላዳዋን ክዳን ከፈቱ።