ሲጠፋ የሚሠራው መብራት

"ከፊቴ ምንም መኪና አልነበረም" አለ ሾፌሩ። ይህን ሲል አጠገቡ የጋራዡ በር ላይ የቆመች መኪና አለች፤ የግራ የኋላ መብራቷ ረግፎ መሬት ላይ ተበትኗል፣ የሱ ፒክአፕ ፓራውልት ደግሞ ተጣሟል። ሰው ስላልተጎዳ ሁሉም ያሰኘውን ለመናገር ድፍረት አገኘ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፦ ስልኩን ሲጎረጉር ነው የገጨው።

እኔ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ይህን ሾፌር ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ እንኳ ክላክስ ሳያደርግ የማይታጠፍ ሰው ነው። ስለዚህ እሱን ትቼ የተገጨችውን መኪና ማየት ጀመርኩ። ጥቁር ናት። ዲናሞዋ ለጥገና ወርዶ ባትሪዋ ተፈትቷል፣ ስለዚህ የበራ መብራት ሊኖራት አይችልም። ይሁን እንጂ ባትሪ የሌላት መኪናም ብትሆን በጨለማ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍባት ከኋላ ሁለት ቀይ ነጥብ ማሳየት አለባት። ይቺ አላሳየችም።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። ባለመኪናው ለቀለም ሥራ ሲያስገባት "የኋላ መብራቷ ትንሽ ጠቆር ቢልልኝ" ብሎ ኖሯል፤ ተለማማጃችን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከተጠየቀ እንቅልፍ አይወስደውም። የመኪና መስታወት ላይ ከሚለጠፈው የተረፈ ጥቁር ፊልም አገኘ። ሌላው ሁሉ በእጁ ያለ ነው፦ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ፣ የፕላስቲክ ካርድ፣ ምላጭና ፎን። ሳይሰበር በቀረው በቀኙ መብራት እንዳየሁት፣ የእጅ ሥራው እንከን አይወጣለትም። አንድ የአየር ቋጠሮ የለበትም። ጠርዙ ላይ ፊልሙን በሙቀት አለስልሶ ወደ ውስጥ አጥፎታል፤ ጣቴን ባሳልፍበት እንኳ የት እንደሚያልቅ አይታወቀኝም።

ደግሞም ፈትኖታል። አንዱን ባልደረባ ፍሬን አስይዞ፣ እሱ እስከ ግቢው ጫፍ ሄዶ አይቷል። የፍሬን መብራቱ ይታያል፣ ፍሬቻው ይታያል፣ የማታ መብራቱም ይታያል። "ጋሼ፣ ሁሉንም አብርቼ ነው ያየሁት እኮ" አለኝ፣ ጥፋቱ ወደሱ እየመጣ መሆኑ ሲገባው።

አዎ፣ ሁሉንም አብርቶ ነው ያየው።

የኋላ መብራት ክዳን ላይ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ ከሌላው ለየት ያለ፣ በጥቃቅን ማዕዘኖች የተሞላ ቦታ ታገኛላችሁ። ሪፍሌክተሩ እሱ ነው። እያንዳንዷ ማዕዘን ሦስት ገጽ አላት፤ የገባ ብርሃን በሦስቱ ላይ ተላግቶ ወደመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው ቀይ ብርሃን የራሱ መኪና ብርሃን ነው ማለት ነው። ሽቦ የለው፣ አምፖል የለው፣ ባትሪ አይፈልግ። መኪናዋ ሞታ ቆማ እንኳ ይሠራል፤ እንዲያውም ዋና ሥራው ያኔ ነው።

ፊልሙ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። የተለጠፈው 35 የሚባለው ነበር፤ ከመቶ 35 እጅ ብርሃን ያሳልፋል ማለት ነው። አምፖሉ ሲበራ ብርሃኑ ፊልሙን አንዴ ብቻ አቋርጦ ይወጣል፤ 35ቱ ይተርፋል። ሪፍሌክተሩ ጋ ግን ብርሃኑ መጀመሪያ በፊልሙ ይገባል፣ ከዚያ በዚያው ፊልም ይመለሳል። ከ35ቱ ደግሞ ከመቶ 35 እጁ ብቻ ሲተርፍ 12 ገደማ ነው። ልጁ የፈተነው 35ቱን ነው፤ ለሾፌሩ የደረሰው 12ቱ ነው። አቧራም ቢሆን እንደ ፊልሙ ሲገባም ሲወጣም ነው የሚቀንሰው፤ የጋራዥ ግቢ አቧራ ደግሞ አይነገርም።

ይህን በወሬ ብቻ መተው አልፈለግሁም። ሲመሽ ልጁን ጠርቼ ከቀኙ መብራት ላይ ግማሹን ፊልም በፎን አሙቆ እንዲልጠው አደረግሁ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ሰጥቼው ወደ ኋላ ራቅን። ባትሪውን ወገቡ ጋ ይዞ ሲያበራ "ሁለቱም አንድ ናቸው" አለኝ። ባትሪውን ወደ ዓይኑ ጥግ አስጠጋሁለት። የሚመለሰው ብርሃን ወደ መነሻው ስለሚሄድ፣ ዓይን ከመብራቱ ጎን ካልሆነ አያገኘውም፤ የመኪና ሾፌር ዓይንም ከፊት መብራቱ በላይ ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው። በዚህኛው ሲያይ የተላጠው ግማሽ ፍም መሰለ። ፊልም ያለበት ግማሽ ከመኪናዋ ጥቁር ቀለም አልለይ አለ።

ምንም አልተናገረም። ባትሪውን ይዞ ሲቀርብ ሲርቅ፣ ጎንበስ ቀና ሲል ቆየና "70ው ቢሆንስ?" አለኝ። ፈካ ያለውን ፊልም ማለቱ ነው። አስልተው አልኩት። በጣቱ አቧራማው ኮፈን ላይ ጻፈና "49" አለ። የሚያምር ፈዛዛ ፊልም ለጥፈህ፣ ዓይንህ ለውጡን በደንብ ሳያየው ግማሹን ሪፍሌክተር ትበላዋለህ ማለት ነው። ቀን ላይም ቢሆን ፊልም ያለበት የፍሬን መብራት በጠራራ ፀሐይ በራ አልበራ ያከራክራል፤ ልጁ ግን ሲመሽ ስለፈተነ ያንንም አላየውም።

ይህን ስል በትንሽ ወጪ መብራት ማስዋብን ከሚጠሉት ወገን ነኝ ማለት አይደለም። የወየበ የፊት መብራትን ማጥራት ለምሳሌ ደስ እያለኝ የምሠራው ነው። ክዳኑ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን መከላከያ ሽፋን ፀሐይ ስትበላው ይወይባል። በውሃ እያራሱ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው 800 ጀምሮ እየለሰለሰ ወደሚሄደው 1500፣ 2000፣ 3000 እያሉ መውጣት ነው። መሐል ላይ ወተት መስሎ ባለመኪናውን ያስደነግጠዋል፤ በፖሊሽ ሲታሽ ይመለሳል። ሰዎች ግን እዚህ ያቆማሉ። አሮጌውን ሽፋን ጠርገህ ካነሳህ አዲስ የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ካልቀባህ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወይባል። በጥርስ ሳሙና አሸሁት የሚሉትም ነገሩ ያው ነው፤ ያጠራል፣ ሽፋን ግን አይሰጥም።

ለሃሎጅን በተሠራ ፋሮ ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት ላይ ግን አልስማማም። ከኋላው ያለው መስታወት መሳይ ጎድጓዳ የተሠራው በሃሎጅን አምፖል ውስጥ የሚበራውን ክር ቦታ ተከትሎ ነው፤ ብርሃኑ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከመንገዱ ይልቅ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያበራል። ፍሬቻ ላይ ሲገባ ደግሞ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ መኪናው አምፖል የተቃጠለ ይመስለውና ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል። ያን ለማስተካከል የሚታሰረው ሬዚስተር፣ ትርፍ ኤሌክትሪክ የሚበላው ዕቃ፣ በጣም ይግላል፤ ፕላስቲክ ላይ አስረውት ቀልጦ ያገኘሁት መኪና አለ። በሚረጭ ቀለም ክዳን ማጥቆርም እንደዚሁ፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር የክዳኑን ፕላስቲክ በፀጉር መሰል ስንጥቅ ሊሞላው ይችላል፣ ያ ደግሞ በምንም ፖሊሽ አይድንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጋራዡ ባለቤት የግራውን መብራት በራሱ ወጪ ለወጠ፣ የፒክአፑን ፓራውልት የኛው ቀጥቃጭ አቀናው። ስልክ ያሉትም ሰዎች ሾፌሩን ሻይ ጋበዙት፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ከአፋቸው አልሰማሁም።

ባለመኪናው ሲመጣ ሁለቱን ንጹሕ ቀይ መብራቶች አየና ፊቱ ጠቆረ። "ፊልሙስ?" አለ። ልጁ ከኔ ቀደመ። ሰውየውን የቀለም ክፍሉ ውስጥ ይዞት ገባ፣ በር ዘጋ፣ ከተላጠው ፊልም አንድ ቁራጭ የራሳችን መኪና መብራት ላይ ይዞ በእጅ ባትሪ አሳየው።

"እኔ እኮ ሁልጊዜ መብራቴን አብርቼ ነው የምነዳው" አለ ሰውየው።

"ባትሪዎ ሲወድቅስ? መንገድ ዳር አቁመው ሲወርዱስ?"

ሰውየው ሙሉ በሙሉ የተረታ አልመሰለኝም። በስተመጨረሻ የተስማሙት ክዳኑን ሳይነኩ መብራቱን የሚከበው ላሜራ ላይ ጥቁር ስቲከር በመለጠፍ ነው። ከሩቅ ሲታይ መብራቱ የጠቆረ ይመስላል። የልቡ ባይደርስም ከፍሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ የሚገባውን መኪና ሁሉ ከኋላ በእጅ ባትሪ ሳያይ አያሳልፍም። በጭቃ የተደፈነ አገኘ፣ የተሰነጠቀ አገኘ። የገረመኝ ግን አንድ ፊልም የሚባል ያልነካት መኪና ናት፤ ባለቤቷ ለውበት ብሎ ያስገጠመው ነጭ የመብራት ክዳን ውስጡ ምንም ሪፍሌክተር አልነበረውም። በደንብ ይበራል፣ ሲጠፋ ግን የለም። ልጁ ሁለት ቀያይ ሪፍሌክተሮች ፈልጎ፣ ፓራውልቱን በአልኮል ጠርጎ፣ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ እንዲያዩ አድርጎ ለጠፈላት። ባለቤቱን ግን አልጠየቀም። በማግስቱ ሰውየው ደውሎ "መኪናዬ ላይ የለጠፋችሁት ምንድነው?" ሲለኝ ስልኩን ለልጁ አቀበልኩት።