መድኃኒት በጥርሴ ይዤ የዞርሁባት ከተማ

ስነሣ የመመለሻ ትኬቴን ጭምር ቆርጬ ነበር። ራቅ ባለ ከተማ የሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ የላክሁለትን ፎቶግራፍ አይቶ «በአምስት ቀን ጨርሰን እንሸኝዎታለን» ብሎ ስለ ጻፈልኝ ጉዞውን በሙሉ ያሰናዳሁት ይህን ቃል ይዤ ነው። ጉዳዩ የአንድ ጥርስ ጉዳይ ነው፤ ከላይኞቹ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶቼ የግራው። በልጅነቴ ከብስክሌት ስወድቅ ተመትቶ፣ ከዓመታት በኋላ ነርቩ ሞቶ ስሩ ታክሟል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሄዶ አመድማ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡሱ መስኮት የታየኝም እርሱው ነው። ውጭው ሲጨልም መስታወቱ የሰውን ፊት መልሶ ያሳያል፤ እኔም ከንፈሬን ገለጥ ሳደርግ ሌሎቹ ጥርሶች ሁሉ ይታያሉ፣ በእርሱ ቦታ ግን ክፍተት ያለ ይመስላል።

የክሊኒኩ ሐኪም አፌን ከሁለት ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ አየና ስድስቱን የላይኛ የፊት ጥርሶች ሞርዶ የፖርሲሊን ቪኒር፣ ማለትም ከጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ ማልበስ እንደሚሻል ነገረኝ። የጠቆረው አንድ ሆኖ ሳለ ስድስት ለምን ይሞረዳል ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝ ምክንያት ከንቱ አልነበረም። አንድ የፊት ጥርስ ብቻ ሠርቶ ከጎኑ ካለው ጋር ማመሳሰል በሙያው ውስጥ እጅግ ከሚያስቸግሩት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ስድስቱ በአንድ ጊዜ ከተሠሩ ግን እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ይህ የሚያቃልለው ከእኔ ችግር ይልቅ የሠሪውን ችግር ነው። ቪኒር ስስ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ ከበታቹ ያለው ጥርስ ጥቁር ከሆነ ጥላው አልፎ ይታያል፤ ያን ለመሸፈን ወይ ብርሃን የማያሳልፍ ፖርሲሊን መጠቀም፣ ወይ ደግሞ ጥርሱን ጠለቅ አድርጎ መሞረድ ግድ ይሆናል፤ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ የጥርስ የውጭ ሽፋን ደግሞ አንዴ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ራጅ እንኳ ሳልነሣ የሞረዳው ቀጠሮ መያዙ ነው። «አስቤበት ልመለስ» ብዬ ወጣሁ።

ያረፍሁበት ቤት ባለቤት የጠቆሙኝ ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ በስር ሕክምና የሠለጠኑ ሴት ነበሩ። ከሁሉ አስቀድመው ራጅ አስነሡኝ፤ የድሮው የስር ሕክምና እስከ ጫፉ በደንብ የተሞላ መሆኑን፣ ከስሩ ጫፍም መግል አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው ስለ ቀለሙ ማውራት የጀመሩት።

«ይህ ጥርስ የጠቆረው ከውስጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከውጭ ሊያለብሱት መጡ» አሉኝ።

ጥርስ ሲመታ በውስጡ የሚፈሰው ደም ከኢናሜሉ በታች ባለው በዴንቲን ጥቃቅን ቱቦዎች ይሰርጋል፤ ሲፈራርስም ብረት አዘል ቅሪቱ እዚያው ይቀራል። በስር ሕክምና ጊዜ ያልተጠረገ የሞተ ነርቭ ወይም የመሙያ መድኃኒት ከጥርሱ አናት ውስጥ ከቀረ ደግሞ ጥቁረቱ ይብሳል። ሐኪሟ ሌሎቹን መንገዶችም አንድ በአንድ እያነሡ አስረዱኝ። በሌሊት አፍ ውስጥ በሚጠለቅ ማቀፊያ የሚደረገው አሥር በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የተባለው ማንጫ መድኃኒት ጥርሶቹ ሁሉ ቢጫ ለሆኑበት ሰው ጥሩ ነው፤ እኔ ብጠቀምበት ግን ጎረቤቶቹም አብረው ስለሚነጡ ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። ኮምፖዚት የተባለውን የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ መቀባት በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ ሞረዳውም ትንሽ ነው፤ ሆኖም ጥቁረቱን ለመሸፈን ወፍራም መሆን አለበት፣ በዓመታት ውስጥም ቀለም ይይዛል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ዙሪያውን ተሞርዶ የሚጠለቀውን ክራውን በተመለከተ፣ ለተሰበረ ጥርስ እንጂ እንደ እኔ ላለ ሙሉ ጥርስ የሚታሰብ አይደለም ብለው አለፉት።

ሥራው የተጀመረው በቀለም መለካት ነው። ደማቅ ቀይ ሻርፔን በግራጫ ጨርቅ ሸፍነው፣ አሥራ ስድስት ሰው ሠራሽ ጥርሶች የተደረደሩበትን የቀለም መለኪያ አውጥተው፣ እነዚህን አንድ በአንድ ውኃ እያስነኩ በመስኮቱ ብርሃን ከጥርሴ ጎን ያስጠጓቸው ጀመር። ለጥቂት ሰከንድ አይተው ዓይናቸውን ወደ ግራጫው ጨርቅ ይመልሳሉ፤ ዓይን ሲደክም ቀለም ያሳስታል። መለካቱ አፍ ከመከፈቱ በፊት የሆነበት ምክንያትም አለው፤ ጥርስ ሲደርቅ ከእውነተኛ ቀለሙ ይነጣል፣ ለመመለስም ጊዜ ይወስድበታል። ጤነኛው ጎረቤቱ በመለኪያው ላይ ኤ2 ከተባለው ቀለም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ለጠቆረው ግን ከአሥራ ስድስቱ አንድም አቻ አልተገኘለትም።

ከዚያም ከጥርሱ ጀርባ፣ ምላስ በሚነካው በኩል፣ የቀድሞውን ቀዳዳ ከፈቱት። ነርቭ ስለሌለው ማደንዘዣ አላስፈለገም። በትንሿ መስታወት ያሳዩኝ ከጥርሱ አናት ማዕዘን ላይ የተጣበቀ ጠቆር ያለ ቡናማ ቅሪት ነበር፤ ለዓመታት እጄን አፌ ላይ ያስጫነኝ ይህ ነው ለማለት ትንሽነቱ ያስገርማል። እርሱን ጠርገው፣ መድኃኒቱ ወደ ስሩ እንዳይወርድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲሚንቶ ካነጠፉ በኋላ፣ ሶዲየም ፐርቦሬት የተባለውን ነጭ ዱቄት በውኃ ለውሰው እርጥብ አሸዋ ሲመስል ጠቀጠቁበትና በጊዜያዊ መሙያ ዘጉት። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1961 በጽሑፍ የቀረበ ሲሆን የሙያው ሰዎች የሚጠሩበት ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «እየተራመዱ ማንጣት» እንደ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲሄድ ነውና። በ1963 በውኃው ፈንታ ብርቱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጠቀም ተጀመረ፤ በ1979 ግን እንዲህ ከታከሙት አንዳንዶቹ ስራቸው አንገቱ አካባቢ እየተበላ መገኘቱ ተዘገበ። ሐኪሟ በተራ ውኃ የለወሱትና ሙቀት ያልተጠቀሙት ስለዚህ ነበር።

መድኃኒቱ በየሳምንቱ መለወጥ ስላለበት ትኬቴን አራዘምሁ። ከዚያ በኋላ መራመድ ብቻ ሆነ ሥራዬ። በፊት ጥርሴ ምንም እንዳልነክስ ተነግሮኛል፤ የከተማዋን መንገዶች ስዞር የሱቅ መስታወት ባየሁ ቁጥር እየቆምሁ ከንፈሬን እገልጣለሁ፣ አንዲት ሻጭም የምፈልገው ነገር እንዳለ ልትጠይቀኝ ወጥታ አፍራ ተመለሰች። እስከ ሦስተኛው ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም። በአምስተኛው ቀን የጥርሱ ጠርዝ ሲፈካ ድዱ አጠገብ ያለው ግን እንደ ጥላ ቀረ። መድኃኒቱ በሳምንቱ ተለወጠ፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ከጎረቤቱ በጥቂቱ ነጥቶ ሳየው ደነገጥሁ። ሐኪሟ ግን ሆን ብለው የፈለጉት ያንኑ ነበር፤ ከነጣ በኋላ ትንሽ መመለሱ አይቀርምና።

ያም ሆኖ በዚያው ቀን አልጨረስንም። በጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ቀዳዳው በመጨረሻ የሚዘጋበት ኮምፖዚት በደንብ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ፤ በጊዜያዊ መሙያ ወደ ቤቴ ተመልሼ ከወር በኋላ ያንኑ መንገድ ደገምሁት። የመጨረሻው ሥራ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ግራጫው ጨርቅ እንደገና ተዘረጋ፣ ኤ2ም ከሁለቱ ጥርሶች መካከል ገባ፤ ከድዱ ሥር፣ ከንፈር ከሚሸፍነው ቦታ ላይ ብቻ፣ የቀጭን ክር ያህል ጥላ ቀርቶ ነበር። እርሱን ለማጥፋት ዛሬ ቢሞከር ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነግረውኝ ተውነው። ጥርሱ ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊጠቁር ይችላል፤ ያን ጊዜ በዚያችው የጀርባ ቀዳዳ መድኃኒቱን መድገም ይቻላል። የስሩን ደኅንነት ለማየት ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በአቅራቢያዬ ባለ በማንኛውም ሐኪም ዘንድ፣ ራጅ እንድነሣ የመጀመሪያውን ራጅ በፖስታ አድርገው ሰጡኝ።