ግልገል አፉ ከቀዘቀዘ ወተት አይሰጠውም

ምንጃር ውስጥ ጤፍና ሽምብራ የምናመርት ቤተሰብ ነን። ፍየሎቹ በጎን ናቸው። ቢሆንም የልጆቹ ደብተርና የበዓል ወጪ የሚሸፈነው በእነሱ ስለሆነ የተወለደ ሁሉ እንዲተርፍ እንፈልጋለን። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ መኖና ስለ መድኃኒት ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን ወሬዬ ሁሉ ስለ መጀመሪያው ቀን ነው።

ፍየል የምትወልደው ካረገዘች በአምስት ወሯ ነው። የመጨረሻውን ወር ከመንጋው ለየት አድርጌ ፉርሽካና የሽምብራ ገለባ እጨምርላታለሁ። ግልገሉ ሆዷ ውስጥ በደንብ የሚፋፋው ያኔ ነው። ግቷ ሲያጋት፣ መሬቱን እየጫረች ስትነሳ ስትቀመጥ ቀኗ ደርሷል ማለት ነው። ደረቅ ጭድ እጎዘጉዝና ዞር እላለሁ። አብዛኞቹ በራሳቸው ይገላገላሉ፤ የሚረብሻቸው የሰው ብዛት ነው።

ግልገሉ ሲወጣ አፍና አፍንጫው ላይ ያለውን ልጋግ በጨርቅ ጠርጌ እናቱ ፊት አደርገዋለሁ፣ እሷ ትላሰው። አዮዲን በትንሽ ብልቃጥ ቀድቼ እትብቱን እዚያ ውስጥ እነክራለሁ። ቀባ ቀባ ማድረግ አይበቃም። ከዚያ ከሁለቱም ጡቶች ትንሽ ትንሽ አልባለሁ። ጫፉን የሚደፍን ነገር አለ፤ ደካማ ግልገል እሱን ስቦ ለማውጣት አቅም ያጥረዋል።

እንገሩ ላይ፣ እንደወለደች በሚታለበው የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ማለቴ ነው፣ ከጎረቤታችን ጋር ሁሌ እንከራከራለን። «ይሄ ወፍራሙ ሆዱን ያሳምመዋል ልጄ፣ አልበሽ ድፊው» ይሉኛል። «እማማ፣ ወርቁን ነው ድፊ የሚሉኝ!» እላለሁ። የፍየል ግልገል ማኅፀን ውስጥ እያለ የእናቱ የበሽታ መከላከያ አይደርሰውም። የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በሄደ ቁጥር በሩ እየጠበበ ይመጣል። ስለዚህ በተወለደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። 3 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። አራት የቡና ስኒ ገደማ መሆኑ ነው።

ባለፈው ክረምት ቀይዋ ፍየል መንታ ወለደች። ትልቁን ልሳ ልሳ ስትጨርስ ትንሹን በቀንዷ ገፈተረችው። ስደርስ እርጥብ ነው፣ አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶታል። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ በረዶ! እንዲህ ሲሆን የሰው እጅ ቶሎ ወተት ፍለጋ ይሮጣል። አይደለም። የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ አይሠራም፣ መዋጥም ያቅተዋል፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። የጤነኛ ግልገል ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፎጣ አሽቼ አደረቅኩት፣ በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ሙቅ ውሃ የሞላሁበትን ሃይላንድ በጨርቅ ሸፍኜ ጎኑ ሥር አደረግኩ። ቆይቶ ቆይቶ አፉ ሞቀ። ጣቴንም መጥባት ጀመረ። ያን ጊዜ የእናቱን እንገር አልቤ በጡጦ ሰጠሁት። አቋሙ ላይም ጥንቃቄ አለው፤ ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ ነው መጥባት ያለበት። በጀርባው አንጋሎ ማጠጣት ያንቀዋል፣ ትን ይለዋል።

እናቲቱን ለማስታረቅ ጠባብ ጋጥ ውስጥ አስሬ በየጥቂቱ ሰዓት አስጠባኋት። ጀርባውንም በራሷ ወተት ቀባሁት። ፍየል ልጇን የምትለየው በጠረኑ ነው። መጀመሪያ እየረገጠች፣ ኋላ እያጉረመረመች፣ ሳምንት ሳይሞላ ተቀበለችው።

የቀረው ይቀላል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እንደሚባለው፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ቅጠል መቀነጣጠብ ይጀምራሉ። ለስላሳ የግራር ቅጠልና ንጹሕ ውሃ አጠገባቸው አኖራለሁ፤ ጨጓራቸው የሚለምደው በዚህ ነው። ወለሉ ደረቅ ይሁን። ተቅማጥ በብዛት የሚመጣው እበት የነካውን መኖና ውሃ ከመቅመስ ነው። በሦስት ወራቸው አካባቢ ጡት አስጥላለሁ፣ ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ (PPR ለሚባለው ተላላፊ በሽታ) ክትባትም የቀበሌያችንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ወንዶቹንም ያኔውኑ ከሴቶቹ እለያለሁ። ገና ልጅ ነው ብለው የተዉት ወጠጤ በአራት ወሩ እህቱን ሊያስረግዝ ይችላል።