ዕጣ የወጣለት ሰው ለምን ያማርራል?

ሰው ስለ ኑሮው ትንሽ ሲያማርር "አንቺ ደሞ ተመስገን አትይም እንዴ፣ ስንቱ ያጣውን አግኝተሽ" ተብሎ አፉ የሚዘጋበት ነገር በጣም ነው ሚያንገበግበኝ። በተለይ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ያማረረ ሰው አለቀለት፣ ወዲያው ምስጋና ቢስ ይባላል። ቤት አግኝቶ ምን ጎደለው ነው ነገሩ። እኔ ግን ቤት ደርሷቸው የከፋቸውን ሰዎች ከቅርብ ስላየሁ እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ፣ ደሞ የመጀመሪያው ደስታቸውም ውሸት አልነበረም፣ ሁለቱም እውነት ነው።

የታላቅ እህቴን ነገር ልንገራችሁ። በ1997 ከተመዘገቡት ናት። ያኔ አራት ኪሎ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፣ አከራይዋ ማታ ሶስት ሰዓት ሲሆን የግቢውን በር ይቆልፋሉ፣ እንግዳ ካደረ ይቆጣሉ፣ ልብስ ልታጥብ ስትቀመጥ ቧንቧው ጋ መጥተው ይቆማሉ፣ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ደሞ "ኑሮው እሳት ሆነ እኮ ልጄ" ብለው ኪራይ ይጨምራሉ። እህቴ ያን ሁሉ አመት የቻለችው "ቤቴ ሲደርሰኝ" እያለች ነው። መጋረጃ ስትገዛ ለዛ ቤት፣ ጀበና ስትገዛ ለዛ ቤት፣ ካርቶን ውስጥ አስራ አልጋ ስር ታስቀምጠዋለች። ስሟ የወጣ ቀን ስልክ ስትደውልልኝ እልልታ ብቻ ነበር ሚሰማኝ፣ እናታችን መሬት ስማ ነው የተነሳችው። 20 በመቶውን ዘመድ ተረባርቦ ተከፈለ፣ 80 በመቶው የባንክ እዳ ሆኖ ተረከበች፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ።

ቤቱ ስትረከበው ያው እንደምታውቁት ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሻካራ ነው። ቀስ እያለች ሴራሚክ አስነጠፈች፣ ቀለም አስቀባች፣ ያንን ካርቶንም ፈታችው። አንድ ቀን እሷ ጋ አድሬ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሆን ብላ በሩን ከፍታ ወጣችና ደረጃው ላይ ቆማ "አየሽ፣ ማንም አይቆልፍብኝም" አለችኝ፣ እንባዋ መጥቶ ነበር። ያቺን ሰዓት ያየ ሰው ይቺ ሴት ከዚህ በኋላ አታማርርም ይላል።

አመት አልቆየም። ቤቱ ቤት ሆነ በቃ። ሴራሚኩን ማየት ተወች፣ በሩም ተራ በር ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ፊሊፕ ብሪክማን የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኢሊኖይ ውስጥ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች አነጋግሮ ነበር፣ እና ሎተሪ ካልደረሳቸው ሰዎች ጋር ሲያወዳድራቸው ይሄ ነው የሚባል የደስታ ልዩነት አላገኘም። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፣ ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች ከጓደኛ ጋር ማውራት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀልድ መስማት በመሳሰሉ የየቀን ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለትልቅ ነገር መልመድ አለ ማለት ነው፣ ትልቁ ነገር ደሞ ትንንሹን ሊያደበዝዘው ይችላል። እህቴ ላይ የሆነው ይሄ መልመድ ነው እንጂ ምስጋና ማጣት አይደለም።

ግን እዚህ ላይ ካቆምን "ሰው አይጠግብም" ብለን እንዘጋዋለን፣ እኔ በሱ አልስማማም፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉንም ነገር አይለምድም። ሴራሚክ ይለመዳል፣ የታክሲ ሰልፍ ግን አይለመድም። እህቴ ስራዋ ሜክሲኮ ነው፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ በጨለማ ወርዳ ትሰለፋለች፣ ሰልፉ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ጫፉ የት እንደሆነ እንኳን አይታወቅም፣ ታክሲ የመጣ ጊዜ ደሞ ሰልፉ ይፈርስና ጉልበት ያለው ይገባል፣ አንዳንድ ቀን ሃይገር ይመጣና ቆማ ቃሊቲን ሳሪስን አልፋ ጎተራ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል፣ ስራ ገና አልጀመረችም እኮ። ማታ ደሞ ያው ነው በተቃራኒው። ይሄ ነገር የማይለመደው በየቀኑ የተለየ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ዛሬ ቶሎ ያልፋል ነገ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመሽ ትቀሪያለሽ፣ ልብሽ ሁልጊዜ እንደተንጠለጠለ ነው። ውሃውም እንደዛው፣ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሚወጣው ሌሊት ሰው ሲተኛ ነው፣ የቧንቧው ድምጽ ሲንኮሻኮሽ ከእንቅልፏ ብድግ ብላ ባልዲና ጀሪካን ትደረድራለች። እንዲህ ላለ ሰው ነው "ተመስገን በይ" ሚባለው! እሷ እኮ ተመስገንን ትላለች፣ እናታችንም "ተመስገን፣ ወገቤ ብቻ እምቢ አለኝ" ነው ምትለው በአንድ ትንፋሽ፣ የወገቧን ነገር ማንሳቷ ፈጣሪን መካድ አይደለም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ደሞ ዳንኤል ካህነማን፣ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ሰውዬ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ቴክሳስ ውስጥ 909 ሰራተኛ ሴቶችን ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሰሩና በእያንዳንዱ ሰዓት ምን እንደተሰማቸው አስጽፏል። ከሁሉ መጨረሻ አካባቢ የወጣው ወደ ስራ መሄጃው ሰዓት ነው። እነዛ ሴቶች የቱሉ ዲምቱን ሰልፍ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር። ከላይ የወጡት ደሞ ከሰው ጋር መጫወት፣ ማረፍ፣ ጸሎት፣ ምግብ መብላት ናቸው። ይሄን ሳነብ እህቴ ጋ የማየው እሁድ ነው ትዝ ያለኝ። ፎቃቸው ላይ ያሉት ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው በተራ ቡና ያፈላሉ፣ ፈንድሻው በሰፌድ ይመጣል፣ አንዷ የልጇን ውጤት ታወራለች፣ አንዷ ባሏን ታማለች፣ አንዷ ዘይት የት እንደረከሰ ትናገራለች፣ በረካው ድረስ የሚነሳ ሰው የለም። እህቴ እዛ ምንጣፍ ላይ ስትስቅ ፊቷ ዕጣ የወጣላት ቀን ከነበረው አይተናነስም። ልዩነቱ ይሄኛው እስካሁን አልተለመደም፣ በየሳምንቱ አዲስ ነው።

ስለዚ ቤት ወይ ስራ ልትቀይሩ ስታስቡ የርክክቡን ቀን ፎቶ ሳይሆን አንድ ተራ ማክሰኞን ከጠዋት እስከ ማታ አስቡት ነው ምለው። የእህቴ ጎረቤት የነበረች አንድ ሴትዮ ቤቷን አከራይታ ቄራ አካባቢ መስሪያ ቤቷ አጠገብ ከሱ ያነሰ ቤት ተከራየች፣ ሰው ሁሉ "አብዳለች፣ የራሷ ቤት እያለ የሰው ግቢ ትገባለች" አለ። እኔ ትክክል ናት እላለሁ፣ ልጆቿን ቁርስ አብልታ በእግሯ ስራ ትገባለች፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶው የሚለጠፍ አፓርታማ ይሄን አይሰጣትም። በርግጥ አከራይ እንደፈለገ ኪራይ የሚጨምርባት ከሆነ ተመልሳ እዛው ጭንቀት ውስጥ ነች፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እህቴን በደንብ ያሰቃያትም እሱ ነበር።

እህቴንም አንቺም እንደሷ አድርጊ ብያት ነበር። "እሺ ሰልፉን አመለጥኩ፣ እነዚህን ሴቶች ከየት አመጣለሁ?" አለችኝና ዝም አልኩ። አሁን ከቡናው ጓደኞቿ ጋር ሆነው ወደ ሜክሲኮና ሳሪስ የሚሄዱትን የብሎኩን ሰዎች ስም እየጻፉ ነው፣ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ሊይዙ። ሹፌር አግኝተዋል፣ ዋጋ ላይ ገና አልተስማሙም፣ ሰው ስድስት ሰባት ከተጨመረ ግን ለሁሉም ይቀንሳል ብለውኛል። እዛ ሳይት ያላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምትወጡ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለሷ አደርስላታለሁ።