ያው ፒያኖ

ትናንት ማታ ደብተሬ ላይ የጀመርኩትን ታሪክ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። ስለ አንዲት በእርሳስ የተሣለች ድመት ነው። ከሰዎች ጋር አንድ ቤት ትኖራለች። ምዕራፍ አንድ ላይ ከፎቅ ወድቃ እንደ ቂጣ ትዘረጋለች፤ ከዚያ ብድግ ብላ ትሄዳለች። ምዕራፍ ሦስት ላይ በር እግሯ ላይ ተዘግቶባት ስታለቅስ ታድራለች።

ልጅቷ አቋረጠችኝ። «አክስቴ፣ ያኔ ከፎቅ ወድቃ ምንም አልሆነችም አይደል? አሁን ለምን አመማት?»

መልስ አጣሁ። እሷ ስትተኛ «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት»ን እንደገና ከፈትኩት። ሮበርት ዜሜኪስ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፊልም ነው። ታሪኩ የ1947ቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ካርቱኖቹ ከእውነተኛ ሰዎች ጋር አብረው ይኖራሉ፤ እንደማንኛውም ተዋናይ ስቱዲዮ ገብተው ይሠራሉ። ቱንታውን የሚባል የራሳቸው ሰፈርም አላቸው።

እዚያ ዓለም ካርቱን አናቱ ላይ ከባድ ዕቃ ቢወድቅበት ኮከብ ዞሮበት ይነሣል፤ ተመልካችም ይስቃል። የመርማሪው የኤዲ ወንድም ላይ ግን አንድ ካርቱን ፒያኖ ጣለበት። ሞተ። ኤዲ ከዚያ ወዲህ ጠጪ ሆኗል፤ ካርቱን ማየት አይፈልግም። አንዱን የሚያስቅ ነገር ሌላውን ይገድላል። የፊልሙ ሐዘን ሁሉ ከዚህች ሕግ ነው የሚነሣው። እኔ ግን ድመቴን ከሰዎቹ ጋር አንድ ቤት ሳስገባ ይህን ጨርሶ አላሰብኩበትም ነበር።

የካቴናውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ኤዲና ጥንቸሉ ሮጀር በአንድ ካቴና ታስረዋል። ኤዲ ካቴናውን ሣጥን ላይ አድርጎ በመጋዝ ሲቆርጥ ሣጥኑ አልረጋ ይለዋል። ሮጀር እጁን ሹልክ አድርጎ ያወጣና ሣጥኑን ይይዝለታል! ኤዲ በንዴት ይጦፋል። እጅህን በፈለግክ ጊዜ ማውጣት ትችል ነበር ወይ ሲለው፣ ሮጀር የሚችለው የሚያስቅ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይነግረዋል። ይህ ሕግ ነው። ካርቱኑ ያሻውን አያደርግም፤ ሳቅ ያዘዋል።

እዚያው ክፍል ውስጥ ኤዲ የተንጠለጠለውን መብራት ይገጨዋል። መብራቱ ሲወዛወዝ ሮጀር ላይ ያለው ብርሃንና ጥላም አብሮ ይወዛወዛል። በሪቻርድ ዊሊያምስ የሚመሩት ሠዓሊዎች ያንን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ እያንዳንዷን ምስል ለየብቻ። ያ ሁሉ ድካም ጥንቸሉ በእውነት እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለ እንድናምን ነው።

ደግሞ ዲፕ የሚባል ፈሳሽ አለ። መዶሻ የማይገድለውን ካርቱን እሱ ይገድለዋል። ተርፐንታይን፣ አሴቶንና ቤንዝን ተደባልቀውበታል፤ ቀለም የሚያሟሙ ነገሮች። ከቀለም ስለተሠሩ ቀለም የሚያለቅቅ ነገር ያጠፋቸዋል። የፊልሙ ክፉ ዳኛ አንዲት ትንሽ የካርቱን ጫማ ዲፑ ውስጥ ሲነክር ዛሬም ፊቴን አዞርኩ። በስንት መዶሻ ያልሞተ ፍጡር እንዲህ በቀላሉ ሲሟሟ ማየት አልችልም።

ሲነጋጋ ደብተሩን አወጣሁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ በሩን ሰረዝኩት። አሁን የቤቱ ልጅ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። ድመቷ አጠገቧ ተኝታለች። ልጅቷ ትሳሳትና ከቦርሳዋ ላጲስ ታወጣለች። ድመቷ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እስኪመሽ አትወጣም።

ዛሬ ማታ አነብላታለሁ።