ቫርኒሹን በክረምት አትርጩ

ስለ ሐዋሳ ክረምት አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ በእጄ ቀርጬ ከቀባኋቸው አሥራ ሁለት ትንንሽ የተዋጊ ምስሎች አምስቱ ዛሬም ፊት ይኖራቸው ነበር።

የተነሳሁት የጆን ብላንሽን መልክ ይዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ በትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ዋርሃመር 40,000 የጨለመ ገጽታውን፣ ሻማና የራስ ቅል የተሸከመ ወታደሩን፣ ከማንም በላይ ያገኘው ከዚህ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው ባይ ነኝ። በጨዋታው አምራች በጌምስ ወርክሾፕ ለረጅም ዓመታት የሥነ ጥበብ ዳይሬክተር ነበር። ኃይሉ ቀለም መቆጠቡ ላይ ነው፦ ያረጀ ብራና የመሰለ ቡናማ፣ ዝገት፣ የአጥንት ነጭ፣ ጥቁር፣ ከዚያ ደም የመሰለ ቀይ። ስለዚህ የቀለም አምራቾች የሚዘረዝሩትን ሃያ ብልቃጥ አትግዙ። እኔ በአምስት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ጨርሻለሁ።

ቁመናቸውን የወሰድኩት በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ነው። ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ መላጣ ራስ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት። ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆመው አንጀት ሲጠብቁ ብላንሽ የሣላቸው ነው የሚመስሉት። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ቅርጹ ሦስት ሳምንት፣ ቅቡ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ቀረ ቫርኒሽ።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ከሐይቁ በኩል እርጥብ አየር ይነፍሳል። ባለሱቁ «ለዝናብም ለፀሐይም አይበገርም ወንድሜ» ብሎ የሸጠልኝን የማያብረቀርቅ ስፕሬይ በረንዳ ላይ አሥራ ሁለቱንም አሰልፌ ነፋሁባቸው። አንዱን እንኳ አልሞከርኩም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አመድ የተነፋባቸው ይመስል ነጡ። ቀዩ ሮዝ ሆነ፤ በመርፌ ጫፍ የሣልኳቸው ዓይኖች ጠፉ። እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫርኒሹ ውስጥ ታፍኖ ቀርቷል። የስፕሬዩ ቆርቆሮ ላይ ስለ ርቀት እንጂ ስለ እርጥበት አንዲት ቃል የለም፤ ይህ አሁንም ያናድደኛል።

የባሰው ጥፋት ግን የእኔው ነው። በድንጋጤ ጥጥ አልኮል ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። አልኮል ደግሞ አክሪሊክን ያሟሟል፤ ነጩን ከነፊቱ ይዞት ወረደ። አምስተኛው ላይ ደርሼ ነው እጄን የሰበሰብኩት።

የቀሩትን ሰባት በማግስቱ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ስቀባቸው ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ቀዩም ተመለሰ።

አምስቱን በጥቅምት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ እንደገና እቀባቸዋለሁ። ቫርኒሹንም በብሩሽ።